ትርፉ የታለ? የፍራፍሬ ክራምብል መጋገርና ሒሳቡ

(በሰኔ 2017 ዓ.ም. በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍሉ የቀረበ ንግግር)



በመርሐ ግብሩ ላይ «የፍራፍሬ ክራምብል በቤት ውስጥ አጋገር» የሚለውን ያነበባችሁ፣ የሒሳብ ክፍል ስለ መጋገር ምን ሊነግረን ነው ሳትሉ አልቀራችሁም። አጋገሩን እንነግራችኋለን። ከዚያ በኋላ ግን ስለ አንድ የሒሳብ ስህተት እናወራለን። ስህተቱ የጋጋሪዎቹ አይደለም፤ ፈርመን የላክነው እኛ ነን። ደጋፊዎቻችን በተገኙበት መናገሩ ይከብድ ይሆናል ያሉን አባላት ነበሩ። ይከብዳል። ነገር ግን የተሳሳተውን ሪፖርት የተቀበሉት እነሱ ስለሆኑ፣ የተስተካከለውንም ከእኛው አፍ ቢሰሙት ይሻላል ብለን ወሰንን።

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ ላልቀመሳችሁ። ከታች ተጠቅጥቆ የተነጠፈ ሊጥ፣ መሀሉ ላይ ፍራፍሬ፣ ከላይ ደግሞ ያው ሊጥ በጣት ተፈርፍሮ ይበተንበታል። ተጋግሮ ሲቀዘቅዝ እንደ ሳሙና በአራት ማዕዘን ይቆረጣል። ፈረንጆቹ ክራምብል ይሉታል፤ ፍርፋሪ ማለት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ቡድናችን ቃል በቃል ተርጉሞ «የማንጎ ፍርፋሪ» ብሎ ሊሸጠው ሞክሮ ነበር። ገርጂ አካባቢ አንዲት ደንበኛ «ፍርፋሪውን ለእኛ፣ ሙሉውን ለማን ሰጣችሁት?» ስትለን ስሙን ቀየርነው። አሁን «የማንጎ ቁራጭ» ይባላል። በእንግሊዝ አገር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ቅቤና ስኳር በራሽን በሚታደልበት ዘመን የተስፋፋ ምግብ ነው ይባላል፤ ብዙ ስብ ስለማይፈልግ። የእጥረት ዘመን ምግብ መሆኑ ለእኛም ተስማምቶናል።

የመረጥነው በሦስት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ እንቁላል አይገባበትም። ቅቤውን በዘይት ከተካነው የጾም ይሆናል። ዘንድሮ ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ገብቶ ሚያዝያ 12 ቀን ፋሲካ ሆነ፤ ረመዳንም በዚያው የካቲት ወር መጨረሻ ገደማ ገባ። አንዱ ትሪ ለጾመኛውም ለአፍጥርም ሆነ። ኬክ ቤቶች የጾም ኬክ ለማውጣት የሚቸገሩበትን ሁለት ወር እኛ ያለ ችግር ጋገርንበት። ሁለተኛው ምክንያት ከፍታችን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ናት። የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል፣ ለሌላ አገር በተጻፈ መመሪያ የተጋገረ ኬክ ቶሎ ይነፋና መሀሉ ይሰረጉዳል። በዚህ ያለቀሱ አባላት አሉን። ክራምብል ግን መነፋት አይጠበቅበትም፤ ስለዚህ አይሰረጉድም። ሦስተኛ፣ ልዩ ዕቃ አይፈልግም፤ ማደባለቂያው ሁለት እጅ ነው።

አሠራሩ ይኸው። 20 በ30 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ትሪ 300 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 150 ግራም ሱፐርማርኬት ኦትስ የሚሉት የተጨፈለቀ አጃ፣ 150 ግራም ስኳር፣ ቁንጥር ጨውና ትንሽ ቀረፋ ይደባለቃል። 160 ሚሊ ሊትር ዘይት ይጨመርበትና በጣት ይታሻል። እርጥብ አሸዋ መምሰል አለበት፤ በመዳፍ ሲጨበጥ የሚያያዝ፣ ሲነካ ደግሞ የሚፈርስ። ካልተያያዘ ሁለት ሦስት ማንኪያ ውኃ ጠብ ይደረግበታል። እንደ ዳቦ ሊጥ ከተሳበ ውኃው በዝቷል፤ ትንሽ ዱቄት ጨምሩበት። አንዷ አባላችን ኦትሱ ሲወደድባት ግማሹን በበሶ ተካችው። የተቆላው ገብስ ጣዕም ከማንጎው ጋር እንደሚሄድ ማንም አልገመተም ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የሁላችንም ሊጥ እንደዚያ ሆኗል።

ለመሀሉ 1 ኪሎ ከ200 ግራም ማንጎ ተልጦ፣ ፍሬው ወጥቶ በትንንሹ ይከተፋል። 60 ግራም ስኳር፣ የአንድ ሎሚ ጭማቂና ሁለት የሾርባ ማንኪያ ኮርንስታርች ይጨመርበታል። ስኳሩ የፍራፍሬውን ውኃ ያወጣዋል፣ ስታርቹ ደግሞ ያንን ውኃ ይይዘዋል። ስታርቹን የዘለለች ሰው ሾርባ ትጋግራለች። ቤቷ ቡላ ያላት ቡላ ብታደርግም ይሆናል፤ እሱም የእንሰት ስታርች ነው። ማንጎው ክር የሚበዛበት ዓይነት ከሆነ በወንፊት ማሳለፍ ነው።

ከሊጡ ሁለት ሦስተኛው ትሪው ላይ ይጠቀጠቃል፣ ማንጎው ይነጠፋል፣ የቀረው ሊጥ ይበተንበታል። በ180 ዲግሪ ከ40 እስከ 45 ደቂቃ። ኦቨን የሌላት አባል በኤሌክትሪክ ምጣድ መጋገር ትችላለች፤ እኛም የጀመርነው በምጣድ ነው። ትሪውን ምጣዱ ላይ በቀጥታ ካስቀመጣችሁት ሥሩ ያራል። ከሥሩ ሦስት ትንንሽ ጠፍጣፋ ድንጋይ አድርጋችሁ፣ ከላይ ክዳኑን ግጠሙ። በዚህ መንገድ ሲጋገር ላዩ ነጭ ሆኖ ይቀራልና፣ የሚበተነውን ሊጥ ቀድማችሁ በመጥበሻ እያመሳችሁ ቀላ አድርጉት።

ከዚያ መጠበቅ ነው። ቢያንስ ሁለት ሰዓት። በትኩሱ ከተቆረጠ ይፈራርሳል፤ ያኔ እውነትም ፍርፋሪ ይሆናል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሁለት ትሪ ሙሉ ያበላሸነው በዚህ ነው፤ ለልጆቻችን ደግ ቀን ነበር። ሲቀዘቅዝ 4 በ6 ተቆርጦ 24 ቁራጭ ይወጣዋል።

እስከዚህ ያለው ሥራ ያማረ ነበር። አሁን ወደ ሒሳቡ።

ከማኅበሩ ተዘዋዋሪ ገንዘብ ለመጋገር ቡድኑ 24,000 ብር አበደርን። 14,500 ብሩ ለትንሽ ኦቨን፣ 3,100 ብሩ ለትሪዎችና ለሚዛን፣ 6,400 ብሩ ለሥራ ማስኬጃ ዋለ። ቡድኑ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን አራት ትሪ፣ ለስምንት ሳምንት ጋገረ። 96 ትሪ ማለት ነው። እኛ የአንዱን ትሪ ወጪ እንዲህ ብለን መዘገብን፤ ዱቄት 33 ብር፣ አጃና በሶ 36፣ ስኳር 27፣ ዘይት 48፣ ማንጎ 120፣ ሎሚው፣ ስታርቹና ቀረፋው 24። ድምር 288 ብር። ለ24 ሲካፈል አንዱ ቁራጭ 12 ብር ያስወጣል። መሸጫው 20 ብር። ስምንት ብር ትርፍ፣ በትሪ 192 ብር፣ በ96 ትሪ 18,432 ብር። ይህን ቁጥር ሪፖርቱ ላይ አሰፈርን፣ ፈረምን፣ ላክን። ከደጋፊዎቻችን የእንኳን ደስ ያላችሁ መልስ ደረሰን።

ከፋሲካ በኋላ ቡድኑ ትርፉን ሊከፋፈል ተሰበሰበ። ሣጥኑ ተከፈተ። ዕድሜያቸው ከሃምሳ የዘለለ አንዲት እናታችን ገንዘቡ ሁለት ጊዜ ሲቆጠር ዝም ብለው አይተው፣ ወደ እኛ ዞሩና «ልጆቼ፣ ትርፉ የታለ?» አሉን።

ከማስኬጃው ገንዘብ በላይ ሣጥኑ ውስጥ የነበረው 1,076 ብር ነው።

በዚያ ሰዓት ክፍሉ ውስጥ የነበረውን ዝምታ የነበራችሁ ታውቁታላችሁ። እርስ በርስ መተያየት ተጀመረ። ገንዘቡን የያዘችው እህታችን ያለቀሰችውን እንባ አንረሳውም፤ አንዲት ሳንቲም አልነካችም። ዛሬ በጉባኤ ፊት እንዲመዘገብልን የምንፈልገው አንዱ ነገር ይህ ነው። የጎደለው ከሣጥኑ አይደለም፤ ከእኛ ወረቀት ነው።

ሦስት ቀን ወስደን ደረሰኙን፣ ማስታወሻ ደብተሩን፣ የሴቶቹን ትዝታ ሁሉ አገላብጠን አየን። ሁላችንም መጀመሪያ የጠረጠርነው መብራቱን ነበር። ከመስከረም 2017 ጀምሮ የኤሌክትሪክ ታሪፍ በየሦስት ወሩ እየጨመረ እንዲሄድ ስለተደረገ፣ የካርዱ ነገር የሁላችንም ምሬት ነው። ስለዚህ ኦቨኑ ከመብራቱ በፊትና ከጠፋ በኋላ ቆጣሪውን አነበብን። አንድ ትሪ የሚበላው ከ2 ኪሎ ዋት ሰዓት አይበልጥም፤ በእኛ ቆጣሪ 8 ብር ገደማ ነው። መብራቱ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ።

ገንዘቡ የሄደው ሌላ ቦታ ነበር። ማሸጊያው በትሪ 48 ብር ወስዷል። ከሰሚት መገናኛ፣ ከመገናኛ ቦሌ፣ ሁለት ሴቶች ዕቃ ይዘው ሄደው ሲመለሱ፣ አንዳንዴም ዝናብ ሲጥል ኮንትራት ሲይዙ፣ በትሪ 45 ብር ወጥቷል፤ ይህን ከኪሳቸው ከፍለው ከሽያጩ ተክተዋል፣ እኛ ግን አልጠየቅናቸውም። በቦሌ በኩል የምናስረክበው አንድ ካፌ ያልተሸጠውን ይመልስልን ስለነበር፣ ከተሰበረው ጋር በአማካይ ከ24ቱ ሦስቱ ገንዘብ አልሆኑም። ስለዚህ የአንድ ትሪ ገቢ 480 ሳይሆን 420 ብር ነበር። ወጪው ደግሞ 288 ሳይሆን 389። የተረፈው 31 ብር ነው። በ96 ትሪ 2,976 ብር። ከዚህ 1,900 ብሩ እስከ ዛሬ ያልተከፈለ ዱቤ ነው፤ የዱቤው ዝርዝር ላይ የአንዳንድ የኮሚቴ አባላት ስምም አለ፣ አሁን አናነበውም፣ በሻይ ሰዓት ክፈሉ።

በዚህ አላበቃም። አንድ ትሪ ከግዢው እስከ ማጠቡ ሦስት ሰዓት ተኩል የሰው ሥራ ይወስዳል። 31 ብር ለሦስት ሰዓት ተኩል ሲካፈል በሰዓት 9 ብር እንኳን አይሞላም። ኦቨኑና ትሪዎቹም ለዘለዓለም አይኖሩም። 17,600 ብሩን 400 ትሪ ይጋገርባቸዋል ብለን ብናካፍለው በትሪ 44 ብር እርጅና አለ። 31 ብር ላይ 44 ብር ሲቀነስ 13 ብር ኪሳራ ነው። ቡድኑ አንድ ትሪ በጋገረ ቁጥር 13 ብር ከማኅበሩ ተዘዋዋሪ ገንዘብ እየቆረሰ፣ የሦስት ሰዓት ተኩል ድካሙን በነጻ ይጨምርበት ነበር ማለት ነው። እኛ ደግሞ ይህን ትርፍ ብለን ጻፍነው።

እንዴት አለፈን? ይህን ራሳችንን ጠይቀናል። የሙያ ማነስ ነው እንዳንል፣ ቀጥተኛና ቀጥተኛ ያልሆነ ወጪን ለይቶ መመዝገብ በኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመት የምንማረው ነው። በምንሠራባቸው መሥሪያ ቤቶች የአንድ ሾፌር አበል ደረሰኝ ቢጎድል ሒሳቡን አንዘጋም። እርጅና ሳይቀነስ ትርፍ አንጽፍም። ወደ ማኅበራችን ስንመጣ ግን ማእድ ቤት ገባን፤ ማእድ ቤት ውስጥ ደግሞ የሴት ጉልበት ተቆጥሮ አያውቅም። እናቶቻችን ሊጥ ሲያቦኩ ሰዓት አልያዝንባቸውም፤ እኛም አልያዝንም። ጋጋሪዎቹም «ያው ለቤቴም እጋግር የለ» ሲሉ ደግ አባባል መስሎን አለፍነው። መዝገቡ ላይ ዱቄትና ስኳር ብቻ የሰፈረው ገዝተን የምናመጣው እሱን ብቻ ስለሆነ ነው።

የዚህ ስህተት ዋጋ በብር ብቻ አልወጣም። በሦስተኛው ሳምንት አንዲት እህታችን ቡድኑን ትታ ወጣች። ቃለ ጉባኤው ላይ «በግል ጉዳይ» ብለን ጻፍን። በኋላ ቤቷ ሄደን ስንጠይቃት ያለችን አጭር ነው፤ «እንጀራ ጋግሬ ስሸጥ ማታ እጄ ላይ የሚቀረውን አውቀዋለሁ። እዚህ ግን ደክሞኝ እገባለሁ፣ እጄ ላይ የለም። እናንተ ደግሞ አትርፈናል ትላላችሁ፤ እኔ ነኝ ያልገባኝ ብዬ አፍሬ ወጣሁ።» እሷ ያለ ዲፕሎማ በማታ እጇ ያወቀችውን እኛ በሠንጠረዥ ሳናውቀው ቀረን። እንድትመለስ ጠይቀናታል፤ እስከ ዛሬ አልተመለሰችም። ቃለ ጉባኤው ግን ተስተካክሏል።

ከዚያ የዋጋው ክርክር መጣ። አዲሱ ስሌት 35 ብር ሲል ግማሹ አባል ተቃወመ። «ለቢሮ ልጆች ይወደዳል»፣ «ሰው ሐምሌ 2016 ብሩ ከተንሳፈፈ ወዲህ ኪሱ ሳስቷል» ተባለ። እውነት ነው፤ የእኛም ሳስቷል። ዘይቱ የተወደደው ለገዢው ብቻ አይደለም። ያም ሆኖ ሁለት ነገር ካልተለወጠ ዋጋ መጨመሩ ብቻ እንደማያድነን ተስማማን። ለካፌ ማስረከቡን አቆምን፤ ያልተሸጠውን የሚመልስ ገዢ ኪሳራውን ለእኛ ትቶ ትርፉን ይወስዳል። አሁን የምንጋግረው በትእዛዝ ብቻ ነው፣ በሙሉ ትሪ፣ ቅድሚያ በቴሌብር ተከፍሎ። ደንበኞቻችን ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ያሉ ቢሮዎች፣ የልደትና የማኅበር ዝግጅት ያላቸው ቤተሰቦች ናቸው። በየቁራጩ መጠቅለል ስለቀረ ማሸጊያው ወደ 24 ብር ወረደ፤ ትእዛዙን በአንድ ቀን ስለምናደርስ መጓጓዣው 28 ሆነ። ግብዓቱ 300 ደርሷል። ከመብራቱ ጋር 360 ብር። ገቢው 840። ከቀሪው 480 ላይ 44 ብር እርጅና ተነሥቶ 436 ይቀራል። ከዚህ ውስጥ በሰዓት 80 ብር ሒሳብ 280 ብሩ ለጋጋሪዎቹ በዕለቱ ይከፈላል፤ 156 ብሩ ወደ ተዘዋዋሪው ገንዘብ ይመለሳል።

ይህን ስትሰሙ ሁሉም ነገር ተስተካከለ እንዳትሉ። በሳምንት 12 ትሪ የነበረው ሥራ ወደ አምስት ወርዷል። ከስድስት ጋጋሪዎች ሥራ ያላቸው ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ በተራ እየገቡ ነው። ብድሩ በዚህ አካሄድ በተባለው ጊዜ አይመለስም። ለጉባኤው የምናቀርበው ጥያቄም ይህ ነው፤ የመመለሻው ጊዜ በስምንት ወር ይራዘምልን። ለደጋፊዎቻችን የተስተካከለው ሪፖርት ዛሬ ከእነ አባሪ ሠንጠረዡ በእጃችሁ ላይ ነው። 18,432 የሚለው ቁጥር ተሰርዞ አጠገቡ ፊርማችን አለ። የቀድሞውን ሪፖርት አይታችሁ ሁለተኛ ቡድን ለማቋቋም ያሰባችሁ እንዳላችሁ ሰምተናል፤ እባካችሁ የነሐሴን ውጤት ሳታዩ አታድርጉት።

ነሐሴን ያነሣነው በምክንያት ነው። የማንጎው ወቅት እያለቀ ነው። አናናስ ሞከርን፤ ውኃው በዝቶ ሦስተኛ ማንኪያ ስታርች ጠየቀ፣ ዋጋውም አልገፋም። ዘይቱን ሽታው ልብ ይወስዳል፣ ፍሬውን በወንፊት ማሳለፍ ግን በትሪ 50 ደቂቃ ጨመረብን። ድሮ ቢሆን 50 ደቂቃውን አናየውም ነበር፤ አሁን 67 ብር ብለን ጻፍነውና ተውነው። የጨንቻ ፖም ለዚህ ሥራ ከሁሉ የሚመረጥ ነው፣ ቅርጹን ይጠብቃል፤ ለበዓል ትእዛዝ ካልሆነ ግን አያዋጣም። ክረምት ላይ በየመንገዱ የሚረክሰው ኮክ ነው። ጎምዘዝ ስለሚል ሎሚውን ያስቀራል፣ ልጣጩም አይነሣም፣ ፍሬውን አውጥቶ መክተፍ ብቻ ነው። ከነሐሴ 1 ጀምሮ ደግሞ ፍልሰታ ነው፣ የጾሙን ሊጥ አንቀይረውም። በአንድ ትሪ ሞክረነዋል፤ የፈጀው ሰዓት ሦስት ከሩብ ነው። ሰዓቱን የያዘችው ጋጋሪዋ ራሷ ናት። አሁን በየትሪው ወረቀት ላይ የመጀመሪያው መስመር የዱቄት አይደለም፤ የተጀመረበትና ያለቀበት ሰዓት ነው።

የሙከራው ትሪ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ተቆርጦ ተቀምጧል። ኮኩ ገና ስላልበሰለ ትንሽ ያጎመዝዛል፤ አስተያየታችሁን ጻፉልን። አንዱ 35 ብር ነው። ለአባልም፣ ለኮሚቴም፣ ለሒሳብ ክፍልም 35 ብር ነው። ዱቤ የለም።